ሁለት ኪዳነ ምሕረት፣ አንድ ማህደር

ከጎንደር የተነሣሁት የራሴን ጥፋት ላርም ነው። በሙዚየሙ ቤተ መጻሕፍት የብራና መጻሕፍትን ፎቶ ኮምፒውተር ውስጥ የማደራጀው እኔ ነኝ። አምና ከአዲ አርቃይ በላይ ካለችው ኪዳነ ምሕረት አንድ ጥንታዊ ገድል ፎቶ አንሥቼ ማህደሩን «ኪዳነ ምሕረት» አልኩት። ባለፈው ሳምንት ጠዳ አጠገብ ካለችው ኪዳነ ምሕረት ያነሣሁትን ስጭን ኮምፒውተሩ «ይተካ?» ብሎ ጠየቀኝ። «አዎ» አልኩ፤ የአምናው ፎቶ ሁሉ ጠፋ። በዚህ አገር ስንት ኪዳነ ምሕረት እንዳለ የማላውቅ ይመስል! መጠባበቂያው ዲስክም በዚያው ቀን ከዚሁ ተገለበጠ። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ማለት እኔ ነኝ።

ጠዋት 12፡00፣ መናኸሪያ

ካሜራዬን ታቅፌ ተሳፈርኩ። ደባርቅ ላይ ያዘዝኩት ሽሮ ከሁለት ጉርሻ በላይ አልወረደልኝም። ሊማሊሞ ጉም ስለወረደበት ሾፌሩ በየጠመዝማዛው ክላክስ እየነፋ ያዘግማል። አጠገቤ የተቀመጡት ጨርቅ ነጋዴ መንገዱን ፈርቼ መስሏቸው አይዞሽ ይሉኛል። እኔ የምፈራው የኪዳነ ምሕረቷን ቄሰ ገበዝ ነበር።

ከቀኑ 8፡00፣ አዲ አርቃይ

ከከተማው አንድ ሰዓት ሽቅብ በእግር ወጣሁ። ቄሰ ገበዙ የቤተ ክርስቲያኗን ንብረት የሚጠብቁ፣ አምና ገጹን እየገለጡ ያስነሡኝ አባት ናቸው። ገና ሲያዩኝ ፊታቸው በራ።

«እንኳን መጣሽ ልጄ። ክረምቱን ዕቃ ቤቱ አፈሰሰብን። ንዋየ ቅድሳቱንም ሌሎቹን መጻሕፍትም አስቀድመን አወጣን። ያን ገድል ግን ‹የእሱስ ፎቶው ጎንደር ተቀምጧል› ብለን ለመጨረሻ ተውነው፤ ዝናቡ ቀደመን።»

ያደረግሁትን ምንም ሳልደብቅ ነገርኳቸው። ገድሉን ከተጠቀለለበት ጨርቅ ፈተው ፊቴ አስቀመጡት። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

«በይ» አሉኝ። «የተረፈውን አንሺ።»

የገድሉ የፊተኛው እኩሌታ ደህና ነው። ከመሐል ወዲያ ያለው ብራና ግን ተጣብቆ፣ ቀለሙ ታጥቦ፣ እሳቸው እንኳ ሊያላቅቁት አልቻሉም። ደህናውን አንድ በአንድ ገለጡልኝ፤ እኔም እያንዳንዱን ፎቶ ሁለት ሦስት ጊዜ እያየሁ አነሣሁ።

በማግስቱ፣ ጎንደር

ማራኪ ሰፈር ያለው ቤቴ ገብቼ ቦርሳዬን ጥዬ ወደ ቢሮ ሄድኩ። ከእንግዲህ የማንኛዋም ቤተ ክርስቲያን ማህደር ያለ ወረዳና ቀበሌ ስም አይቀመጥም፤ መጠባበቂያውም ሳይታይ አይገለበጥም። ይህን ለመማር የአንድ ገድል እኩሌታ መጥፋት አልነበረበትም። የመዝገቡን ቅጽ ስሞላ «ገጾቹ የጠፉበት ምክንያት» ከሚለው ፊት ለፊት «ዝናብ» ብዬ ጻፍኩ። ጥቂት አየሁትና ሰርዤ ስሜን ከነአባቴ ጻፍኩበት።