የአንገት ሥር እንግዳ

የፅኑ ሕሙማን ክፍል ነርስ ነበረች፤ የሥራ ባልደረቦቿ ያወጡላት ስም ግን «አሰናባች» ነው። በበሽተኛ ላይ የተተከለን ቱቦ ሁሉ «እንግዳ» ትለዋለችና። በየማለዳው ሐኪሞቹ ከአልጋ አልጋ ሲዞሩ ከኋላ ትከተልና፣ «ይኼ እንግዳ ዛሬም ያድራል?» ትላለች። ያድራል ካሏት ምክንያቱን ትጠይቃለች፤ ምክንያት ካጡ ደግሞ ጓንቷን እያጠለቀች፣ «በሉ ሻንጣውን ላዘጋጅለት» ትላለች። ሐኪሞቹ ይስቃሉ፤ ቱቦውም ይነቀላል።

ነገሩ ቀልድ ብቻ አልነበረም። በአንገት ሥር ገብቶ እስከ ልብ ደጃፍ የሚዘልቀው ቀጭን ቱቦ መድኃኒት ያደርሳል፤ ሲሰነብት ግን በዚያው በር ጀርም ሾልኮ ደም ውስጥ ይገባል። ሰው ይዞት ከመጣው በሽታ ድኖ፣ ሆስፒታል ባገኘው በሽታ ሲሞት በዓይኗ አይታለች። ስለዚህ እጁን ሳይታጠብ አልጋ የሚጠጋ ወዮለት! አንድ ቀን የክፍሉን ዋና ሐኪም በር ላይ አስቁማ፣

«ዶክተር፣ በጣም ናፍቀውታል» አለቻቸው።

«ማን?»

«ሳሙናው።»

ይህችን ሴት የረታት አንድ ሰው ቢኖር፣ በሳንባ ምች የገቡት ጡረተኛው የጂኦግራፊ አስተማሪ ናቸው። ራሳቸውን ስተው መጡ፤ ሲነቁ ግን ምላሳቸው ከዓይናቸው ቀድሞ ነቃ።

«አንቺ ልጅ፣ ይኼ አልጋ ወደ ሰሜን ነው ወደ ደቡብ?»

«ወደ ቤትዎ ነው፣ ጋሼ።»

ከዚያች ቀን ጀምሮ ተዋደዱ። እኚህ ሰው ሞትን ሳይፈሩ መርፌን ይፈራሉ። የክንዳቸው ደም ሥር ደግሞ ባለዕዳ ይመስል ሲፈልጉት ይሸሸጋል። ሲገቡ አንገታቸው ሥር የተተከለው ቱቦ እስካለ ድረስ ግን መድኃኒቱም በእሱ ይገባል፣ የምርመራው ደምም በእሱ ይቀዳል፤ ክንድ የሚነካ የለም።

ቱቦው የተተከለው ወርዶ ለነበረው የደም ግፊታቸው መድኃኒት ነበርና፣ ግፊቱ ሲስተካከል ሥራውን እንደጨረሰ ነርሷ አላጣችውም። ጠዋት ሐኪሞቹ ሳይደርሱ ግን አስተማሪው እጇን ያዝ አደረጉና፣

«ልጄ፣ የኔን እንግዳ እንዳታሰናብቺብኝ። ክንዴን ከሚወጉኝ አፍንጫዬን ይቁረጡኝ!» አሏት።

ሐኪሞቹ አልጋው አጠገብ ሲደርሱ ሁሉም ዞረው እሷን አዩ፤ የለመዱትን ጥያቄ ይጠብቃሉ። እሷ ግን የትራሱን ልብስ ማቃናት ያዘች።

«አሰናባች ዝም ካለች፣ እንግዲህ ይቆይ» አለ ወጣቱ ሐኪም፤ አለፉ። አስተማሪው ጠቀሷት። በማግሥቱም እንዲሁ ሆነ፤ ከዚያም ወዲያ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አልጋው መንቀጥቀጥ ጀመረ። የአስተማሪው ጥርስ ይንገጫገጫል፤ ገላቸው እንደ ምድጃ ይፋጃል፤ የደም ግፊታቸው ቁልቁል ይወርዳል። እሷን ግን ከሁሉ ያስደነገጣት የምላሳቸው ዝምታ ነበር።

«ቱቦው ነው» አለችው ወጣቱን ሐኪም። «ለምን እንደሚቆይ አልጠየቅኩም።»

«እኔስ መቼ ጠየቅሁ? በይ ቶሎ!»

ለምርመራ ደም ተቀዳ፤ ቱቦው ተነቀለ። አሁን መድኃኒቱ የሚገባው በክንድ ብቻ ነው። ክንዳቸውን አሰረች፤ መታ መታ አደረገችው፤ በጣቷ ዳበሰችው። የመጀመሪያው መርፌ ሳተ። በሁለተኛው ደሙ ብቅ አለ። አስተማሪው አልጮኹም። በሥራ ዘመኗ ሁሉ የበሽተኛ ጩኸት እንደዚያች ሰዓት ናፍቋት አያውቅም።

ላቦራቶሪው ጀርሙን ከደማቸው ውስጥ አገኘው። መድኃኒቱ ቀጠለ፤ ትኩሳቱ ወጣ ወረደ። እሷም በዕረፍት ቀኗ ሳይቀር «ቁልፍ ረስቼ ነው» እያለች ብቅ ትል ጀመር። ምን ዓይነት ቁልፍ እንደሆነ ደፍሮ የጠየቃት የለም።

አንድ ጠዋት የሌላ በሽተኛ አንሶላ ስትቀይር ከጀርባዋ ሻካራ ድምፅ ሰማች።

«አንቺ! ሾርባው ቀዝቅዟል፤ ክንዴም በልዟል። የዚህ ቤት ኃላፊ ማነው?»

ወዲያው አልዞረችም። ዓይኗን በትከሻዋ ጠረግ ጠረግ ካደረገች በኋላ ነው ፊቷን ያሳየቻቸው።

«እኔ ነኝ። ምን ያደርጉኛል?»

«መጀመሪያ ሾርባውን አሙቂ» አሉ፣ «ከዚያ እንጣላለን።»