በቀበሌው ግድግዳ ላይ የተጻፈው ቁጥር

ባለቤቴ ከጎጃም ተመድቦ ቆቦ የመጣ የሒሳብ መምህር ነበር፤ እኔ የዚያው የቆቦ ልጅ ነኝ። በተጋባን በዓመቱ፣ ማሽላው በሚያሸትበት ሰሞን፣ እየሳቀ ከትምህርት ቤት ገባና ከኪሱ ጠመኔ አውጥቶ የጓዳችን በር ላይ 142857 ብሎ ጻፈ።

«እስቲ በሁለት አባዢው።»

አባዛሁት፤ 285714 መጣ።

«አሁን ደግሞ በሦስት።»

428571። ያው ስድስቱ አኃዝ ናቸው፤ ሰልፋቸው አልፈረሰም፣ ከፊት የሚቆመው ብቻ ተለወጠ። በአራትም፣ በአምስትም፣ በስድስትም እንደዚያው። በሰባት ሳባዛው ግን ዘጠኝ ብቻ ተደረደረ፦ 999999።

«ይሄ ምን ጉድ ነው?» አልኩት።

«አንድን ለሰባት ስታካፍዪ የሚመጣ ነው። ማካፈሉ አያልቅም፤ እነዚሁ ስድስቱ እየዞሩ ይመላለሳሉ።»

ተማሪዎቹም ወደዱት፤ መንገድ ለመንገድ እንደ ዘፈን ይሉት ጀመር። አንድ ጠዋት ቁጥሩ የቀበሌው ጽሕፈት ቤት ግድግዳ ላይ በከሰል ተጽፎ ተገኘ። ከሥሩ «በሰባት ስታባዙት ታያላችሁ» ይላል። ጊዜው ግድግዳ ላይ የተጻፈ ነገር ሰው የሚያስበላበት ጊዜ ነበር።

የቀበሌው ካድሬ ታጣቂዎች አስከትሎ ቤታችን መጣ።

«በሰባት ስናባዛው ምንድን ነው የምናየው?»

«ሒሳብ ነው ጓድ። ራስዎ ይሞክሩት» አለ ባለቤቴ።

ካድሬው ተቀምጦ አባዛ። ልክ መሆኑን ሲያይ ፊቱ ይፈታል ብዬ ነበር፤ ጭራሽ ባሰበት።

«እንዲህ ያለ ቁጥር እንዲያው አይገኝም። ሰው ተቀምጦ ያቀነባበረው ነው። ማነው የጻፈው?»

ባለቤቴ የትኛው ተማሪው እንደጻፈው ከእጅ ጽሕፈቱ አውቆታል።

«እኔ ነኝ» አለ።

ጫማውን ሲያስር አጠገቡ ተንበረከክሁ። «ልጅ ነው፤ ዱላውን አይችለውም» አለኝ ቀስ ብሎ።

በየቀኑ ወደ ታሰረበት ስንቅ አደርስለት ነበር። ሳህኑ ባዶውን ሲመለስልኝ፣ በልቷል፣ በሕይወት አለ ማለት ነው እያልኩ እጽናናለሁ። አንድ ቀን ዘበኛው ምግቡን አልቀበልም አለኝ።

«ከእንግዲህ አታምጪ፣ እህቴ።»

«ወዴት ወሰዳችሁት?»

«አታምጪ ብያለሁ። ሂጂ።» ቀና ብሎ አላየኝም።

እንደሱ ለተገደለ ሰው ልቅሶ መቀመጥ ክልክል ነበር። ቤቴ ገብቼ በሩን ዘጋሁ። መጀመሪያ ከአጥር ማዶ ያሉት ሙስሊም ጎረቤታችን ወንፊት ልዋስ ብለው መጡ። «ኢንና ሊላሂ» አሉ በለሆሳስ፤ ነጠላዬን ወደ ፊቴ ሳብ አደረጉልኝና አጠገቤ ተቀመጡ። ጨው ፍለጋ ነው ያለች ሌላ መጣች፤ እሳት ልጫር ብላ ሌላ። እስኪመሽ ቤቱ ሞላ። አንዳችንም ድምፅ አላሰማንም።

«ድምፅሽን ዋጪው ልጄ» አሉኝ ጎረቤቴ፤ «እንባውን ግን ተይው፣ ይውረድ።»

መቃብሩ የት እንደሆነ የነገረኝ የለም።