ዳገት የማያውቀው ሹፌር

ጡረታ የወጣው የአውቶቡስ ሹፌር ዕድሜውን ሙሉ ዳገት የወጣው በማርሽ ነው። በእግሩ መሄድ አይሆንለትም። ከሚስቱ ጋር የሚኖርበት ቤትም ከአንድ ፎቅ ሥር ምድር ላይ ስለሆነ ከደረጃ ጋር አይተዋወቁም።

አንድ ቀን አውሮፓ ሄዳ የተቀጠረችው ልጁ ደወለች።

«አባዬ፣ ወደኔ የምትመጡበትን ቲኬት ልቆርጥላችሁ ነው። ግን ከተማው ሁሉ ኮረብታ ነው፤ እኔ ሰፈር መኪና አይገባም፣ በደረጃ ብቻ ነው። ታች ሆቴል ልያዝላችሁ?»

«የልጄ ቤት እያለ ሆቴል? ደረጃ ደግሞ ምን አላት!» አለ ሹፌሩ ደረቱን ነፍቶ።

ስልኩ ሲዘጋ ልብስ ሰፊዋ ሚስቱ ከስፌት መኪናዋ ቀና አለች። «አንተ ሰውዬ፣ የእህቴ ልጅ ሠርግ ላይ ሦስተኛ ፎቅ እስክንደርስ ስንቴ ነው የጫማዬ ክር ተፈታ ብለህ የቆምከው? ጫማው ደግሞ ክር የለውም!»

በዚሁ ተማከሩና ሹፌሩ በየጠዋቱ በደረጃው እስከ ፎቁ ጣሪያ ድረስ እየወጣ ሊለማመድ ወሰነ። ስፖርት ጫማውን አድርጎ ይወጣል፤ ከአንድ ሰዓት በላይ ቆይቶ እያፏጨ ይመለሳል። ሚስቱ ደስ ብሏት ለጉዞው ሱሪ ልትሰፋለት ወገቡን ብትለካው ጨምሯል! የሚለማመድ ሰው ይከሳል እንጂ እንዴት ይወፍራል?

በማግስቱ ደንበኞቿን ትታ ተከተለችው። ሁለተኛ ፎቅ ላይ በር ገርበብ ብሏል፤ ከውስጥ የባሏ ሳቅ ይሰማል። ብቅ ስትል ከጎረቤታቸው ከፀጉር አስተካካዩ ጋር ዳማ ይጫወታል፤ አጠገቡ በማር የተለወሰ ዳቦ ተቀምጧል።

«እረፍት ላይ ነን» አለ ሹፌሩ፣ ዳቦውን ሳይውጥ።

ልትቆጣ አፏን ከፈተች። እሱ ግን አቀረቀረ። «ፈርቼ እኮ ነው። ልጃችን ትንሽ እያለች በትከሻዬ ነበር የማዞራት። አሁን መሃል ደረጃ ላይ ቁጭ ብዬ ብታየኝ ምን ትላለች?»

ሚስቱ ቁጣዋ ወዴት እንደሄደ አላወቀችም። «ቁጭ ብትልስ? እኔም አጠገብህ ቁጭ እላለሁ። ደግሞ የኔ ጉልበት ጤነኛ መሰለህ እንዴ?»

ያን ዕለት ማታ ለልጃቸው እውነቱን ነገሯት። ልጅቷ በሳቅ ሞተች። «እኔስ መጀመሪያ ሰሞን ዕቃዬን መንገድ ላይ እያስቀመጥኩ አልነበር የምወጣው? እዚህ አሮጊቶቹም ወጣቶቹም መሃል ላይ ያርፋሉ፤ ወንበር ሁሉ አለ። መጀመሪያ ታች ትንሽ ትሰነብታላችሁ፣ ከዚያ ቀስ ብለን እንወጣለን።»

«እንግዲህ ሆቴሉን ያዢው» አለ ሹፌሩ፣ ለሷ ውለታ የሚውል ይመስል።

ከዚያ ወዲያ ጠዋት ጠዋት ባልና ሚስት አብረው ይወጡ ጀመር፤ ፀጉር አስተካካዩም ጨዋታው ስለቀረበት ተከተላቸው። ጣሪያው ላይ በደረሱ ቀን ሹፌሩ የልብስ ማስጫውን ገመድ ይዞ እያለከለከ፣ ያን ሁሉ ዓመት የነዳበትን መንገድ ከላይ ቁልቁል አየው። «ለካ እንዲህ ጠባብ ነው» አለ፣ ራሱን በኩራት እየነቀነቀ።

ፀጉር አስተካካዩ ግን ወለሉ ላይ ዝርግት ብሎ ነበር። «ቆይ» አለ ትንፋሹ ሲመለስ፣ «እናንተስ አውሮፓ ልትሄዱ ነው። እኔ ወዴት ልሄድ ነው የምለፋው?»