ኮሌጅ ልለካ የሄድኩ ዕለት

ሠላሳ ሁለት ዓመቴ ነበር። ሰባተኛ ክፍል ላይ ያቋረጥኩትን ትምህርት በውሰት መጻሕፍት እቤቴ ቀጥዬ፣ ገበያ የምሸጠውን ለውዝ እየፈለፈልኩ፣ ያልገባኝን ደጋግሜ እያነበብኩ፣ በግል ተፈትኜ አሥራ ሁለተኛን ያለፍኩት በዚያ ዓመት ነው። የደስታዬን ነገር አታንሱት። አሶሳ ገበያ ውስጥ የማላውቀውን ሰው ሳይቀር ስስም ዋልኩ።

ቀጥሎ የመጣው ጥያቄ የትኛው ኮሌጅ ልግባ የሚል ነው። ለዚህ ጋሼ፣ ታላቅ ወንድሜ፣ መልሱን አዘጋጅተው ጠበቁኝ። አባታችን ከሞቱ ወዲህ ያሳደጉኝ እሳቸው ናቸው። ቀሚሴንም ባሌንም የመረጡልኝ እሳቸው ናቸው፤ እውነቱን ለመናገር ሁለቱንም ጥሩ አድርገው ነው የመረጡት። ስለዚህ በሕይወቴ አንድ ቀን እንኳ እምቢ ብያቸው አላውቅም።

«ባለ መስታወቱ!» አሉ። «ሒሳብ አያያዝ። የአለቃዬ ልጅ እዚያ ነው የተመረቀችው። ስሙ ብቻ ያስቀጥራል።»

ባለ መስታወቱ ማለት ዋናው መንገድ ላይ ያለ የግል ኮሌጅ ነው፤ ፎቁ ከማንጸባረቁ የተነሣ አላፊ አግዳሚው ቆሞ ፀጉሩን ያስተካክልበታል። ምዝገባው ዓርብ ሊዘጋ ነው። ባለቤቴ ጉባ፣ ግድቡ ላይ ስለሚሠራ በስልክ ብጠይቀው «ጋሼ ካሉ አለቀ» አለኝ። ጎረቤቴ ባትኖር በእርግጥም አልቆ ነበር።

ጎረቤቴ የበርታ ብሔረሰብ ልጅ ናት፤ ገበያ ላይ ከጎኔ ባሚያ ትሸጣለች። አማርኛን የለመደችው እዚያው ገበያ ስለሆነ እኔን «አንተ» ትለኛለች፤ ለምጄው አሁን «አንቺ» ብትለኝ የተቆጣችኝ ይመስለኛል።

«አንተ፣ ጫማ ሳትለካ ትገዛለህ?» አለችኝ።

«አልገዛም።»

«ታዲያ ኮሌጁን ለምን አትለካም?»

ሳቅኩ። ከዚያ መሳቄን ተውኩ። ከዚያ ደግሞ ሳቅኩ። ረቡዕ ጠዋት ለውዙንም ባሚያውንም ሸራ አልብሰን ኮሌጅ ልንለካ ሄድን።

ባለ መስታወቱ በደንብ ተቀበለን። ክፍል ገብተን ማየት እንችል እንደሆነ ስንጠይቅ ጸሐፊዋ ፈቀደችልንና ከኋላ ተቀመጥን። ወንበሩ ይሽከረከራል። መምህሩ ከወረቀት ያነባል፣ ተማሪው ይጽፋል፤ ያነባል፣ ይጽፋል። ለሚወደው ሰው መልካም ትምህርት ነው፣ አልናቅኩትም። እኔ ግን የሚጠይቅ ሰው አጣሁ፣ የሚስቅ ሰው አጣሁ። ዞር ስል ጎረቤቴ ወንበሯን አሽከርክራ፣ ጀርባዋን ለመምህሩ ሰጥታ፣ ለጥ ብላ ተኝታለች። ጎሸም ባደርጋት «ወላሂ አልተኛሁም!» ብላ ጮኸች። ክፍሉ በሙሉ ዞረ። አፌን በነጠላዬ አፍኜ ወጣሁ፤ ደረጃውን እንዴት እንደወረድነው አላውቅም።

«ቤቱ ቆንጆ ነው» አለች ውጭ፣ የሳቅ እንባዋን እየጠረገች። «ግን ሰው የለም።»

«ያ ሁሉ ሰው ተቀምጦ?»

«የለም አልኩህ!»

ከከተማው ዳር ያለው የመምህራን ኮሌጅ ዝቅ ዝቅ ያሉ የቆርቆሮ ቤቶች ናቸው። ጋሼ «ሌላ ያጣ የሚገባበት» ነው የሚሉት። ከባጃጅ ወርደን ግቢው ውስጥ ስንገባ ከአንድ ክፍል የሕፃን ልቅሶ ሰማን። ሮጥን። በሩን ብንከፍት የሚያለቅሰው ሪዛም ጎልማሳ ነው! «እማዬ ጋ ውሰዱኝ!» እያለ እግሩን ያወራጫል። ለካ ሠልጣኞቹ ለልምምድ የአንደኛ ክፍል ልጆች ይሆናሉ፣ አንዳቸው ደግሞ በተራ ያስተምራል። የዚያን ሰዓት ተረኛ የሆነችው ልጅ ጠመኔዋን ይዛ ግራ ገብቷት ቆማለች። እኛን ሲያዩ ሁሉም ብድግ ብለው በዜማ «እንደምን አደሩ፣ መምህር!» አሉን።

«ምን ፈልጋችሁ ነው?» አለች ከኋላ የተቀመጠችው አሠልጣኝ፤ አነጋገሯ የጎጃም ነው።

«ልለካ ነው የመጣሁት» አልኩ። አመለጠኝ።

ክፍሉ አውካካ። እሷም ሳቀች። «እንግዲያው ይለኩ» ብላ ጠመኔውን ከልጅቷ ተቀብላ ሰጠችኝ።

ባለ ሪዙ አሁንም ያለቅሳል። እኔ ደግሞ የሚያለቅስ ልጅ ካየሁ ተረት ማውራት ነው፤ ሌላ ዘዴ የለኝም። አጠገቡ ቁጢጥ አልኩ።

«እናትህ እየመጣች ነበር፤ መንገድ ላይ ዝንጀሮ አስቆማት።»

ልቅሶው ቀጥ አለ። «ምን ሊያደርጋት?»

«የያዘችልህን ማንጎ ስጪኝ ሊላት። ዐሥር ይዛ ነበር። ሦስቱን ወሰደ።»

«የኔን ማንጎ?!»

«ያንተን። ስንት ቀረህ?»

በጣቶቹ ቆጠረ። «ሰባት!»

ከኋላ አንዱ ተነሥቶ «እኔም ዝንጀሮ ነኝ፣ ሁለት አምጪ!» አለ። ከዚያ ክፍሉ በሙሉ ዝንጀሮ ሆነ፤ ጎረቤቴ እንኳ በሩ ላይ ቆማ «የኔስ?» ትላለች። ማንጎው ሲያልቅ ባለ ሪዙን የእውነት የከፋው መሰለኝ። ለካስ ተረት አወራሁ ብዬ መቀነስ ሳስተምር ነው የቆየሁት።

«ይህን ማን አስተማረዎት?» አለችኝ አሠልጣኟ።

«ማንም።»

«ይምጡ፤ እዚህ ነው ቦታዎ።»

ስንመለስ ባጃጅ አልያዝንም። እየዘለልኩ ነበር የምሄደው፤ የሁለት ልጆች እናት! የጋሼን አጥር ሳይ ግን መዝለሌን ተውኩ።

ጋሼ ከቢሮ ገብተው አረፍ ብለዋል። ቆሜ ነገርኳቸው።

«ለቢሮው ሰው ሁሉ ተናግሬያለሁ!» አሉ። «እኅቴ ባለ መስታወቱ ትገባለች ብዬ!»

«እዚያ እንቅልፍ ነው የሚወስደኝ ጋሼ። ወዲያኛው ግን ሰዓቱ ሲያልቅ ቅር አለኝ።»

«ሰው ምን ይላል?»

«የምማረው እኔ ነኝ፤ ሰው አይደለም።»

ብዬ ደነገጥኩ። ድንጋጤው ሳቅ ሆኖ መጣብኝና በእሳቸው ፊት ተንከተከትኩ። ጋሼ አልሳቁም።

«አትገቢም ብልሽስ?»

ሳቄን ዋጥኩ። «እገባለሁ» አልኩ። «መርቀውኝ ብገባ ግን ደስ ይለኛል።»

አልመረቁኝም። ነጠላቸውን አንሥተው ወጡ። ዓርብ ጠዋት ለብቻዬ ሄጄ የመምህራን ኮሌጅ ተመዘገብኩ።

ጋሼ ትምህርት እስኪጀመር አላናገሩኝም። የተጀመረ ዕለት ከቢሮ ፈቃድ ወስደው መጡ። ልጆቼን ትምህርት ቤታቸው አደረሱ፣ ከዚያ እኔን ወሰዱኝ። በሩ ላይ ለዘበኛው «እኅቴ ናት» አሉት፤ አግዳሚው ላይ ከእሱ ጋር ተቀምጠውም እስክወጣ ጠበቁኝ።