ከባምቢስ እስከ ክርስትና ቤት

ከባምቢስ ኡራኤል በእግር ሩብ ሰዓት አይሞላም። እኔ ግን ያን ረቡዕ ከአንድ ሰዓት በላይ ሚኒባስ ውስጥ ተቀምጬ፣ የቤተ ክርስቲያኑን ጉልላት በመስኮት እያየሁ መድረስ አቃተኝ። እንግዳ ሊያልፍ ነው ተብሎ መንገዱ ተዘግቷል። ትራፊክ ፖሊሱ መኪናውንም እግረኛውንም አግዷል፤ ከታክሲያችን ወርደው ሊሄዱ የሞከሩ ሁለት ሰዎችን በፊሽካ መልሷቸዋል።

የጓደኛዬ ልጅ ሰማንያ ቀን ሞልቷት ክርስትና የምትነሳው ያን ቀን ነበር። የክርስትና እናቷ ልሆን የነበርኩት እኔ ነኝ። ጾም በመሆኑ ቅዳሴው የሚገባው ከቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ ነው፤ ጥምቀቱ ከዚያ በፊት ማለቅ አለበት። ክርስትና የምታነሳዋ ሴት ጾማ፣ እዚያው ቆማ ሕፃኗን ትቀበላለች። በስልክ የሚሆን ነገር አይደለም። አንዴ ያነሳች ደግሞ ዕድሜ ልኳን እናት ናት፤ በኋላ መጥቶ ተራው የእኔ ነበር ማለት የለም።

ትዳሬ አሥራ ሁለት ዓመት ሆኖታል፣ ልጅ የለኝም። ጓደኛዬ ገና እርጉዝ ሳለች "ሴት ከሆነች አንቺ ነሽ የምታነሻት" ስትለኝ መጸዳጃ ቤት ገብቼ አልቅሻለሁ።

አምስት ሰዓት ተኩል ሊሆን ነው። ሹፌሩ ሞተሩን አጥፍቶ ስልኩን መጎርጎር ጀመረ። ደሜ ፈላ።

"በካዛንቺስ ውስጥ ለውስጥ አትሞክርም?" አልኩት።

"በየት በኩል እህቴ? በቃ፣ መጠበቅ ነው።"

እውነቱን ነው። ከኋላችን አውቶቡስ፣ ከጎናችን የግንባታ ቆርቆሮ አጥር። ጉሮሮዬ ደርቋል፤ ከማታ ጀምሮ ውኃ አልቀመስኩም። ጓደኛዬ ሦስት ጊዜ ደውላ ነበር፤ ሦስቴም "ደርሻለሁ፣ ኡራኤል ነኝ" አልኳት። አዲስ አበባ ውስጥ "ደርሻለሁ" ማለት ከቤት ወጥቻለሁ ማለት መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። እሷ ግን ጨንቋት ስለነበር አመነችኝ።

ከፊቴ የተቀመጡት ወደ ጉልላቱ ዞረው ሲያማትቡ እኔ አላማተብኩም። ተቀይሜ ነበር። "አሥራ ሁለት ዓመት ከለከልከኝ፣ አሁን የሰው ልጅ እንኳ ልታሳቅፈኝ አልፈለግህም?" እያልኩ እግዚአብሔርን እሞግታለሁ። በሆዴ የመሰለኝ ለካ በአፌ ኖሯል።

"ማንን ነው የምትቆጪው ልጄ?" አሉኝ አጠገቤ የተቀመጡት እናት። ለሱቃቸው የገዙትን ጨርቅ በፌስታል ጭናቸው ላይ የያዙ ሙስሊም ነጋዴ ናቸው። ነገርኳቸው፤ ጾሙንም፣ ሰዓቱንም፣ አሥራ ሁለቱንም ዓመት።

"ካልደረስሽ ልጅቷ እንዲሁ ትመለሳለች?"

"ሌላ የጾመች ሴት ከተገኘች እሷ ታነሳታለች።"

"ታዲያ 'ደርሻለሁ' ስትያት ሰማሁሽ እኮ። ሌላ ሰው እንዳትፈልግ አሰርሻት። ዛሬ የምትጠመቀው ሕፃኗ ናት ወይስ አንቺ?"

ተናደድኩባቸው። እሳቸው ስለ እኛ ክርስትና ምን አገባቸው ብዬም አሰብኩ፤ አሁን ሳስበው አፍራለሁ። ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ። መኪና አይንቀሳቀስም፣ ሰው አይንቀሳቀስም። መንገዱን የዘጋሁት እኔ አይደለሁም፤ የጓደኛዬን ግን የዘጋሁት እኔ ነኝ። ስልኬን አነሳሁ።

"ዋሽቼሻለሁ። ባምቢስ ነው ያለሁት፣ የምደርስም አይመስለኝም። የጾመች ሴት ፈልጊና ልጅቷን ስጪያት።"

"እሺ" ብላ ዘጋችው።

እናትየው ፌስታላቸውን አስጠግተው ቦታ ለቀቁልኝ። አማተብኩና "ጌታዬ፣ ይቺን ልጅ ጠብቃት" አልኩ። ስለ ራሴ ምንም የማይጠይቅ ጸሎት ከጸለይኩ ስንት ዓመት እንደሆነኝ አላስታውስም። አልተጽናናሁም፤ እንባዬ እየወረደ ነበር። ግን ሰዓቱን ማየት ተውኩ።

መንገዱ የተከፈተው ስድስት ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው። ስደርስ ጥምቀቱ አልቆ ቅዳሴው ገብቷል። ሕፃኗን ያቀፈችው፣ ከቤተ ክርስቲያኑ በር ጧፍ የምትሸጥ፣ በእኔ ዕድሜ ያለች ሴት ነበረች፤ ጓደኛዬ ሮጣ ያገኘችው እሷን ነው። ቀናሁባት።

ማን እንደሆንኩ ጓደኛዬ በጆሮዋ ነገረቻት። ሴትየዋ ጠጋ አለችኝ።

"እህቴ፣ እኔ ወልጄ አላውቅም" አለችኝ በሹክሹክታ። "አያያዙንም አላውቅበትም። እንዳልጥላት ፈራሁ።"

አምጪ፣ እኔ ልያዛት ማለት አማረኝ። ቃሉ አፌ ላይ ደርሶ ነበር።

"አንገቷን ደግፊያት" አልኳት። ቅዳሴው እስኪያልቅም ክንዷን ከሥር ይዤላት ቆምኩ።