በር ዘግቶ ማጥናት

ማቲማቲካል ፋይናንስ በማስተርስ ልማር መመዝገቤን ስነግራት እናቴ ምን እንደሆነ ጠየቀችኝ። ወደፊት ለሚመጣ ነገር ዛሬ ዋጋ መተመን ነው አልኳት። ጥቂት አሰበችና፣ «ላም አለኝ በሰማይ በይኛ» አለች። ተናደድኩ፤ ብዙም ስላልተሳሳተች ይመስለኛል።

በመጀመሪያው ዓመት ስቶካስቲክ ካልኩለስ ጣለኝ። ዛሬ ወጥቶ ነገ የሚወርድን፣ መቼ እንደሚዘል የማይታወቅን ዋጋ በቀመር የሚከተል ትምህርት ነው። ሰፈሩ ልጆቹን «እንደሷ ሁኑ» እያለ የሚመክርብኝ የሂሳብ ሰው ወደቅኩ። ድጋሚ ፈተና ተፈቀደልኝ፤ እሱንም ከወደቅኩ ግን ስንብት ነው። በጣም ፈራሁ። ከምሠራበት ባንክ የዓመት ፈቃዴን ወስጄ ቤት ተቀመጥኩ።

ቤታችን ዶሮ ማነቂያ ሰፈር ነበር፤ ከጎረቤት ጋር ግድግዳ የምንጋራበት። እዚያ ሰፈር ቀን በር አይዘጋም። ሰው ውስጥ ሆኖ በር ከዘጋ ወይ ታሟል፣ ወይ አኩርፏል። ይህን እዚያው ተወልጄ እያወቅኩ፣ እናቴ ወደ ሱቋ እንደሄደች በሩን ዘግቼ ቀመሬ ላይ ተደፋሁ።

ብዙም ሳልቆይ ተንኳኳ። የጎን ጎረቤታችን ናቸው፤ ከወሎ የመጡ፣ እናቴ ሱቅ ስትውል እኔን ያሳደጉ እናት። ሾርባ ይዘዋል።

«አላህ ያሽርሽ ልጄ። ምንሽን ነው?»

«ደህና ነኝ እማማ። እያጠናሁ ነው።»

«እሺ፣ እሺ» አሉ፣ ግንባሬን እየዳሰሱ።

ተቀመጡ። የታመመ ጠይቆ ወዲያው መነሳት ነውር ነው። ከሰዓት ሌሎቹ ከአትክልት ተራ ብርቱካንና ሙዝ እያንጠለጠሉ፣ «እግዜር ይማርሽ» እያሉ ቤቱን ሞሉት። አንዷ የአክስቷን ልጅ ታሪክ አመጣች፤ ትምህርት በዝቶበት የነካውን። ሁሉም ዞረው አዩኝ። አንድ ገጽ ሳልገልጥ መሸ። ሾርባው ግን ግሩም ነበር።

በማግስቱ ሲንኳኳ አልከፈትኩም። ይሄ ባሰ። ማታ እናቴ ፊቷ ጠቁሮ ገባች። «ያሳደጉሽን ሴትዮ በር ዘጋሽባቸው? ምን አስቀየምኳት እያሉ ነው።» አለቀስኩ፤ ለእሳቸው ይሁን ለፈተናው እኔም አላውቅ።

ጠዋት ቤታቸው ሄጄ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ መውደቄንም፣ ዳግመኛ ከወደቅኩ እንደምሰናበትም። ከእናቴ ሌላ ለሰው ስናገር የመጀመሪያዬ ነበር። ረጋ ብለው ሰሙኝ።

«አብሽሪ። አንቺ በሩን ክፈቺው፤ ደጃፉን ለኔ ተዪው።»

በርጩማቸውን አምጥተው ደጃፋችን ላይ ተቀመጡ፤ የብረት ትሪ ጭናቸው ላይ አድርገው ምስር ይለቅሙ ጀመር። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል። የሚመጣውን ሁሉ «ደህና ናት፣ እያጠናች ነው» ብለው እዚያው ያስቀሩታል፤ ብርቱካኑን ግን ይቀበላሉ። ምስሩ ትሪው ላይ ኮሽ ኮሽ ይላል። እኔም በዚያ ድምፅ ፈተናው እስኪደርስ አጠናሁ።

አለፍኩ። ውጤቱን ሰምቼ ከአምስት ኪሎው ዩኒቨርሲቲ በእግሬ ወርጄ ስደርስ እሳቸው ደጃፉ ላይ ናቸው። «አልሐምዱሊላህ፣ ዳንሽልኝ» ብለው ሳቁብኝ።

ከዚያ ሰፈሩ ፈረሰ። እኛ በከተማው አንድ ጫፍ ኮንዶሚኒየም ተሰጠን፣ እሳቸው በሌላው ጫፍ። አሁን የመመረቂያ ጽሑፌን ፎቅ ላይ ሆኜ እጽፋለሁ። የሁሉም በር ዝግ ነው፤ ማንም ግን አልታመመም። ስለምነው የነበረውን ጸጥታ አገኘሁት፣ ጽሑፉ ግን ንቅንቅ አልል አለ። ማስረከቢያው ቀርቦ ያ የድሮው ፍርሃት ተመለሰብኝ። እሳቸውም ናፈቁኝ። ባለፈው ቅዳሜ ደወልኩላቸው።

«ድምፅሽ ልክ አይደለም። ምን ሆንሽ?»

«ጽሑፉ እምቢ አለኝ እማማ።»

«በሩስ?»

«ዝግ ነው።»

«ክፈቺውና ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጪው። እንዳትዘጊው።»

በሩን ከፈትኩት። ኮሪደሩ ላይ ማንም የለም። በስልኩ ውስጥ ምስሩ ትሪው ላይ ኮሽ ኮሽ ይል ጀመር። ቁጭ ብዬ ጻፍኩ።