ፀሐይ ሳታየው የጠራ ውሃ

እናትዓለምን የሚያውቃት ሁሉ ዝምተኛ ናት ይላል። ውሸት ነው። ሃያ ሁለት ዓመት በዩኒቨርሲቲው አንድ ኮሪደር አብረን ስንሠራ፣ እሷ በላብራቶሪው እኔ በዕቃ ግምጃ ቤቱ፣ ዝም ስትል ያየኋት ጥፋት ስታገኝና ከየት እንደመጣ ስታጣራ ብቻ ነው። ካጣራች በኋላ ማንም አይመልሳትም። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የኔ ስለሆነ ይህን አሳምሬ አውቃለሁ።

ከዲፕሎማ በላይ አልተማረችም። ዳሩ ግን ዶክተር ተብዬዎቹ ሚዛኑ እንቢ ሲላቸው፣ አሲዱ ሲንተከተክባቸው፣ የሚጠሩት እሷን ነው። በመጽሐፋቸው መጨረሻ ላይ “ለቴክኒሻናችንም ምስጋና ይድረስ” ብለው ያልፏታል፤ ስሟን የሚጽፍ ከስንት አንዱ ነው። እኔ በዚህ ነገር እበግናለሁ። እሷ ግድም አይሰጣት።

የዛሬ ሦስት ዓመት ባምላክ የሚባል ልጅ ማስተርሱን ሊማር መጣ። የመራዊ ልጅ ነው፤ ቀጭን፣ ቶሎ የሚስቅ። እናቱ ወይዘሮ የሺመቤት ራሳቸው ይዘውት መጥተው፣ ላብራቶሪው በር ላይ የእናትዓለምን እጅ ጭብጥ አድርገው “እዚህ ከተማ የማውቀው ሰው የለኝም፤ አደራ፣ እንደ ልጅሽ እዪልኝ” አሏት። ጢሙን የሚላጭ ጎረምሳ በአደራ ሲሰጥ አይቼ አላውቅም፤ ሳቄ አመለጠኝ። እናትዓለም አልሳቀችም። “አይዞዎት፣ ልጄ ነው” አለቻቸው።

ልጁ የያዘው ሥራ ይህ ነው። የግድግዳ ቀለምን የሚያነጣ፣ ታይታኒየም ዳይኦክሳይድ የሚባል ነጭ ዱቄት አለ። ፀሐይ ስታገኘው ውሃ ውስጥ ያለ ማቅለሚያን ይሰባብራል ይላሉ፤ ብቻውን ግን ሰነፍ ነው። ስለዚህ ግራፊን ይቀላቅሉበታል። ግራፊን ማለት እርሳስ ውስጥ ያለው ጥቁር ነገር በአሲድ ተፈልቅቆ ዓይን የማያየው ስስ ንጣፍ ሲሆን ነው፤ እኔ እንደገባኝ። አሲዱ ሲነካው ስለሚግል ዙሪያውን በረዶ መክበብ አለበት። በረዶ ደግሞ የለንም። እናትዓለም በባጃጅ ወደ ሐይቁ ዳር እየወረደች ከዓሣ ነጋዴው ከቡርሀን በማዳበሪያ ከረጢት ታመጣለች፤ ላብራቶሪው ሳምንቱን ሙሉ ዓሣ ዓሣ ይሸታል።

ከዚያ የተቀላቀለው በብረት ዕቃ ታሽጎ ምድጃ ውስጥ ለአሥራ ሁለት ሰዓት መቆየት አለበት። አሥራ ሁለት ሰዓት መብራት ሳይሄድ መዋል እንግዲህ የዕድል ጉዳይ ነው። ስድስት ጊዜ እመሐል ላይ ጠፍቶ ስድስቱም ተደፋ። ሰባተኛው ሲሳካ የወጣው ግራጫ ዱቄት ጥቂት የሻይ ማንኪያ ቢሞላ ነው።

ከዚያች ላይ ቆንጥረው ሰማያዊ ቀለም የተበጠበጠበት ውሃ ውስጥ ጨምረው ጣሪያ ላይ ለፀሐይ አወጡት። ከምሳ ስንመለስ ውሃው ጠርቷል። ባምላክ እናትዓለምን ከመሬት አንስቶ አሽከረከራት፤ እሷም እንደ ልጃገረድ ሳቀች። እኔም ደስ አለኝ፣ ለምን እዋሻለሁ።

ወሬውን ቡርሀን ሰማ። ከቤቱ በላይ ጨርቅ መንከሪያ ከተከፈተ ወዲህ የጉድጓዱ ውሃ ቀለም ያመጣል። ቤተሰቡ ይታጠብበታል፤ ቧንቧ ሲጠፋ ደግሞ ይጠጣዋል። የሴት ልጁ የሐፍሳ ክንድ ከእጅ አንጓዋ እስከ ክርኗ ቆስሎ ነበር። “እትዬ እናትዓለም፣ የኛንስ ያጠራው ይሆን?” አላት። እሷ ሳትመልስ ባምላክ ቀድሞ “ያጠራዋል” አለ። የባምላክ መምህርም ተስማማና፣ ልጁ እንደተመረቀ ዱቄቱ ያለበት ማጣሪያ በርሜል ቡርሀን ግቢ እንዲተከል ተወሰነ።

ልጁ ፈታኞች ፊት ቆሞ ሥራውን ሊያስረዳ፣ እነሱ ዲፌንስ የሚሉትን ማለት ነው፣ አንድ ሳምንት ሲቀረው እናትዓለም ዱቄቱና ሰማያዊው ውሃ ያለበትን አንዱን ብርጭቆ ወደ ጣሪያ ማውጣት ረስታ ግምጃ ቤቴ መደርደሪያ ላይ ተወችው። ዕለቱ ዓርብ ነበር። ግምጃ ቤቴ መስኮት የለውም። ሰኞ ጠዋት ስንከፍት ውሃው ኩልል ብሏል።

“ጎበዝ ዱቄት” አልሁ። ዝም አለች።

“ምናሴ፣ ይሄ ፀሐይ ሳታየው እንዴት ጠራ?” አለችኝ።

ከሥሩ የረጋውን ዱቄት ለይታ አልኮል ጨመረችበትና ነቀነቀችው። ሰማያዊው ቀለም ቁልጭ ብሎ ተመልሶ ወጣ። ለካ የተሰባበረ ነገር የለም። ግራፊኑ ቀለሙን መጥጦ ይዞት ኖሯል። ጠግቦ አልይዝም ያለ ዕለት ደግሞ ውሃው እንደ ገባ ያልፋል። ቡርሀን በርሜሉን አምኖ ይቀዳል፣ ቤቱም ይጠጣል ማለት ነው።

አንዱን ብርጭቆ ጨለማ ውስጥ አስቀምጦ ፀሐይ ካየው ጋር ማስተያየት የዚህ ሥራ ደንብ ነው። ባምላክ ዱቄቷ እንዳታልቅበት ብሎ ዘሎታል። ክፋት አልነበረም። ስድስት ጊዜ የተደፋበት ሰው ይሰስታል።

ጠራችውና አሳየችው። ፊቱ አመድ መሰለ።

“እትዬ፣ ዲፌንሱ ሐሙስ እኮ ነው። እናቴ ትመጣለች። ልመረቅና አስተካክለዋለሁ።”

“ቡርሀንስ?”

“ለሱም ያኔ እነግረዋለሁ።”

“ዛሬ ለመምህርህ ንገረው። ከፈለግህ አብሬህ እገባለሁ።”

“እሺ፣ ራሴ እነግረዋለሁ” አላት። እሺ ሲል እኔም በጆሮዬ ሰምቻለሁ። እሱ ሲወጣ “ተይው ባክሽ፣ ምን አገባሽ፣ ልጁ ወረቀቱን ይያዝ” አልኋት። ዞር ብላም አላየችኝ።

ሐሙስ አዳራሹ ውስጥ እኔና እሷ ኋላ ተቀመጥን። ወይዘሮ የሺመቤት ከፊት ወንበር፣ ለምርቃቱ የጋገሩትን ድፎ በጨርቅ ጠቅልለው እንደታቀፉ ነበሩ። ሁሉም ነገር በእንግሊዝኛ ነው። አንዲት ቃል ሳይገባቸው፣ ልጃቸው በእጁ ግድግዳው ላይ ባመለከተ ቁጥር ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ባምላክ ስለ ጨለማው ብርጭቆ አንድም ነገር አላነሳም።

ከአዲስ አበባ የመጣው ፈታኝ ጠየቀው። እንግሊዝኛዬ እንዲህ ነው የሚባል ባይሆንም፣ ጨለማን የሚመለከት መሆኑን ለየሁ። ባምላክ ተሠርቷል አለ፤ የሠራችው ቴክኒሻናችን ናት፣ በጨለማ የተቀመጠው አልጠራም አለ።

እናትዓለም ክንዴን ጨበጠችው። ጥፍሯ ተሰማኝ።

ፈታኙ መነጽሩን አወለቀና በአማርኛ “ቴክኒሻኗ እዚህ አሉ?” አለ።

ልትነሳ ስትል ጋውኗን ይዤ ጎተትኋት። “ተቀመጭ” አልኋት በሹክሹክታ። እጄን አስለቅቃ ተነሳች።

“እኔ ነኝ።”

“በጨለማ ያስቀመጡት አልጠራም?”

“ጠርቷል” አለች። “ፀሐይ እንዳየው እኩል ነው የጠራ። ቀለሙ አልጠፋም፣ ዱቄቱ ላይ ነው ያለ። ይጠራልሃል ተብሎ ቃል የተገባለት ሰው አለ፤ ውሃውን ሊጠጣው ነው። ለባምላክ ሰኞ ነግሬዋለሁ።”

ወይዘሮ የሺመቤት አንድ ሰዓት ሙሉ ሲሰሙ ቆይተው የገባቸው ይሄ ብቻ ነው። ወንበራቸው ላይ ዞረው ተመለከቷት። ባምላክ አንገቱን ደፍቶ ወረቀቱን ያገላብጣል።

አላለፈም። በስድስት ወር እንደገና ሠርተህ ቅረብ ተባለ፤ እሱ ግን እንኳን ሊሠራ እስካሁን ግቢውን አልረገጠም። በርሜሉም ቀረ። እናትዓለም በማግስቱ ወርዳ ለቡርሀን እውነቱን ስትነግረው “አሁን ታዲያ ምን እንጠጣ?” ነው ያላት፤ ዛሬም ከዚያው ጉድጓድ ይቀዳል። ይህ ሁሉ ያንገበግበኛል። እንቅልፍ የሚነሳኝ ግን ያን ዕለት ከአዳራሹ ስንወጣ የሆነው ነው።

ባምላክ ቀና ብሎ ሳያየን አለፈ። እናቱ ድፏቸውን እንደታቀፉ ኮሪደሩ ላይ እናትዓለም ፊት ቆሙ።

“ልጄ ምን አድርጎሽ ነው?” አሏት።

“ምንም አላደረገኝም” አለች። እንባዋ ዱብ ዱብ አለ።

ወይዘሮዋ ወደ እኔ ዞሩ። “አንቱስ? ያውቁ ኖሯል?”

እናትዓለም ዓይኗን ሳትጠርግ ቀና ብላ አየችኝ።

“ኧረ እኔ የማውቀው ነገር የለም” አልሁ።